የመውደቅ ስፖርት

እስከ አስራ አንድ ዓመቴ ድረስ ሰርፊንግ፣ ያ የማዕበል ላይ ጨዋታ፣ የመውደቅ ስፖርት ይመስለኝ ነበር። ሰው መንሳፈፊያ ቦርዱን ተሸክሞ ባህር የሚገባው ለመውደቅ ነው፤ አወዳደቁ ያማረለት ያሸንፋል። እንዲህ ነው ብሎ የነገረኝ የለም። አባቴን አይቼ የደረስኩበት ነው።

አባቴ ሲራክ መኪና መንዳት ያስተምራል። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ጀርመንታውን ካሉት አበሾች ስንቱን መንጃ ፈቃድ እንዳስያዘ እሱም አያውቀውም። የማስተማሪያ መኪናው በተሳፋሪው በኩል ሁለተኛ ፍሬን አላት፤ የአባቴ ቀኝ እግር ቀኑን ሙሉ የምትውለው እዚያች ፍሬን ላይ ነበር። ቤት ገብቶ ሶፋው ላይ ዜና ሲያይ እንኳ እግሩ ምንጣፉን ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን ታደርጋለች። እናቴን መዓዛንም መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። ፈተናውን ባለፈችበት ዓመት ተጋቡ፤ በዓመቱ እኔ ተወለድኩ፤ ሃይማኖት አሉኝ።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት የሆነ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። የኔ አማርኛ የዚያ ቤት አማርኛ ነው፦ ብዪ፣ ልበሺ፣ አንሺ፣ ነጩን ልብስ ከባለቀለሙ ለዪ። ንግግር ከዚያ ሲያልፍ ክፍተቱን በግምት እሞላዋለሁ። ግምቴ ሊሳሳት ይችላል ብዬ ግን አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም።

ስምንት ዓመት የሞላኝ ሰሞን አባትና እናቴ ሲነጋገሩ በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው።

«አንድ ቀን እንኳ፣ ሲራክ፣ መጨረሻውን የማታውቀው ነገር ጀምረህ ታውቃለህ?»

«ፍሬን የሌለው መኪና ውስጥ አልገባም።»

«እኔ መኪና ነኝ?»

አባቴ አልመለሰላትም። ጥያቄው ቀላል ስለነበር ዝም ማለቱ ገረመኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ልሳነወርቅ መጡ። በቤተክርስቲያናችን የሚከበሩ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ሰሞን ይመላለሱ ስለነበር የእናቴን ወጥ የወደዱ መስሎኝ ነበር። ሳስበው ወጡን እምብዛም አልነኩትም። የሚመጡት ለማስታረቅ እንደሆነ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

«ልጆቼ፣ እኔ የማውቀውን ሁሉ ብያለሁ» አሉ። «እስቲ ደግሞ አየር ለውጡ።»

«እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ» አለ አባቴ።

ይህ ገባኝ። አባቴ በየወሩ ነዳጅ ማደያው ጋ ቆሞ የጎማ አየር ይለካል። በማግስቱ ተከትዬው ሄድኩ፤ ጎማዎቹን በሙሉ ነፋ፤ ጉዳዩ በዚሁ ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም። አባቴ የካውንቲው መዋኛ ገንዳ ሄዶ ዋና ሊማር ተመዘገበ። በጀማሪዎቹ ክፍል ውስጥ አዋቂ እሱ ብቻ ነበር። ከኔ ያነሱ ልጆች መሃል ቆሞ፣ ጉንጩን ሞልቶ ውሃ ውስጥ አረፋ ሲነፋ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ አየው ነበር። ሲጨርስ እንደ ሌሎቹ ልጆች ሁሉ የኤሊ ስቲከር ሰጡት። ጃኬቱ ላይ ለጥፎት ገባ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«ፖርቶ ሪኮ እንሄዳለን። ሰርፍ አደርጋለሁ።»

እናቴ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ትታ ዞረች። «አንተ?»

«እኔ።»

የሄድነው በታኅሣሥ የትምህርት ቤት እረፍት ነው። ሪንኮን የምትባል በደሴቲቱ ምዕራብ ጫፍ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ የተከራየናት ቤት በረንዳዋ ባህሩን ቁልቁል ያያል። ከቤት በካፖርት ወጥተን እዚያ ስንደርስ ላብ አጠመቀን። የነቢያት ጾም ስለነበር እናቴ ሩዝና ባቄላ በቀረበላት ቁጥር የአሳማ ስብ ገብቶበት እንደሆነ ትጠይቃለች። ሁልጊዜም ገብቶበታል። ሳምንቱን በተጠበሰ ሙዝ ገፋችው።

አባቴ የቀጠረው አስተማሪ ኤፍራይን የሚባል፣ ፊቱን ፀሐይ የበላው፣ በእድሜ አባቴን የሚበልጥ ሰው ነበር። አባቴ ገና ሲጨብጠው «ኤፍሬም» አለው፤ እስከምንመለስ ድረስም ኤፍሬም እንዳለው ቀረ። ሰውየውም አቤት ይላል። አሸዋው ላይ አስቀምጦን ባህሩን በጣቱ ለሁለት ከፈለልን። በግራ በኩል ማዕበሉ ከሩቅ ዝግ ብሎ መጥቶ ቀስ እያለ ይፈርሳል፤ ለጀማሪ የሚሆነው እሱ ነው። በቀኝ በኩል ውሃው ጠቆር ይላል። እዚያ ሪፍ የሚሉት የኮራል ድንጋይ አለ፤ ውሃው በላዩ ላይ ከጉልበት አያልፍም። ማዕበሉ ሪፉ ላይ ሲደርስ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆምና በአንዴ ይደረመሳል።

«ሪፉ ጥርስ አለው» አለ ኤፍራይን በእንግሊዝኛ። «እዚያ አትሂድ።»

«አልሄድም» አለ አባቴ። አመንኩት፤ በሕይወቱ ከተፈቀደው ፍጥነት አልፎ አያውቅም። እኔ ግን ጥርሱን ለማየት ወደ ቀኝ ሳፈጥ ዋልኩ።

የመጀመሪያውን አወዳደቁን ፓንኬክ አልኩት። ኤፍራይን ቦርዱን ከኋላ ገፋለት፤ አባቴ በጉልበቱ፣ ከዚያም በእግሩ ተነሳ፤ ሁለት እጁን መሪ እንደጨበጠ ሰው ወደፊት ዘረጋ። ለአፍታ ቆመ። ማዕበሉ ፈጠን ሲል ቀኝ እግሩ ፍሬን ፈለገ። የቦርዱ አፍንጫ ተቀበረ፤ አባቴ አየር ላይ ተዘርግቶ በሆዱ አረፈ። ጧ ማለቱ እኛ ጋ ድረስ ተሰማ። ዳር የነበሩት ቱሪስቶች ባንድ ድምፅ «ኡኡኡ!» ብለው አጨበጨቡ።

ስፖርቱ የገባኝ ያኔ ነው። ከእሱ በፊት ስንት ሰው ቦርዱ ላይ እንደቆመ ዳር ድረስ መጥቷል፤ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። አባቴ ሲወድቅ ግን ባህር ዳርቻው በሙሉ ጮኸ። ሳይወድቁ ለሚቀሩት ሰዎች አዘንኩላቸው።

እናቴ ጥላው ሥር ተቀምጣ ሻሿን አፏ ላይ ይዛለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በቅርቡ፣ ያን ጊዜ እየሳቅሽ ነበር ወይስ እያለቀስሽ ብዬ ጠየቅኋት። «መጀመሪያ ላይ ሳቅ ነበር» አለችኝ።

ሁለተኛው ማጠቢያ ማሽን ነው። በማግስቱ ማዕበሉ ከፍ ብሏል። አባቴ ገና ሳይቆም ከኋላው ደረሰበትና ዋጠው። ነጭ አረፋው ውስጥ አንዴ እግሩ፣ አንዴ ክርኑ፣ አንዴ የቦርዱ ጫፍ ብቅ እያለ ይጠፋል፤ ልክ ምድር ቤት ባለው ማሽን ክብ መስታወት ልብሳችን ሲሽከረከር እንደማየው። ሲወጣ ካናቴራው ጭንቅላቱ ላይ ተገልብጦ ፊቱን ሸፍኖታል፤ ቦርዱን እግሩ ላይ በታሰረችው ገመድ እየጎተተ፣ ምንም ሳያይ ወደ ተሳሳተ ቤተሰብ ሄደ። እነሱም አጨበጨቡለት። በኔ አስተያየት የዕለቱ አሸናፊ እሱ ነበር።

አባቴ ግን ያሸነፈ ሰው አይመስልም። ምሳ ላይ አጎንብሶ ነበር የሚበላው።

«ይበቃል፣ ሲራክ» አለችው እናቴ። «ለኔ ብለህ ከሆነ ይበቃል።»

ጠግቦ እንደሆነ ብዬ ሳህኑን አየሁት፤ ገና ግማሽ ነው። አባቴ ሹካውን አስቀመጠ፤ ቦርዱን አንስቶ ቁልቁል ወረደ። ኤፍራይን ምሳ ሄዷል። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ አየሁት። በግራ አልገባም። በቀኝ ገባ።

የእናቴ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። «ሲራክ!» ብላ ጮኸች፤ ነፋሱ ወሰደው።

ሦስተኛውን ስም አላወጣሁለትም። ከአባቴ ኋላ ማዕበሉ ተነሳ፤ ሥሩ ያለው ውሃ ሁሉ ወደ ላይ ተመጠጠና ድንጋዩ ሲገለጥ ቡናማ ሆኖ አየሁት። አባቴ ቆመ። በእርግጥ ቆመ፤ እጁንም ወደ ጎን ዘረጋ፤ እግሩም ፍሬን አልፈለገም። ከዚያ ከሥሩ ማዕበሉ የለም። እንደ ሰገነት ተደርምሶ እሱን ይዞት ወረደ፤ ቦርዱ ብቻውን ወደ ሰማይ ዘለለና ገመዱ ጎትቶ መለሰው። በዚህ ጊዜ ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። አዲስ ዳኞች ገብተው ይሆናል አልኩ።

ሁለት ጎረምሶች ደግፈው አወጡት። ጀርባው በሞረድ እንደተፋቀ ሆኗል፤ ክርኑ ይደማል። ለመቆም ሲሞክር ሪፉ ላይ ያለውን፣ እንደ ጃርት ዙሪያውን እሾህ የሆነውን የባህር ፍጥረት ረግጦ ሁለቱም ውስጥ እግሩ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኗል። እነሆ ጥርሱ፣ አልኩ። ኤፍራይን ሮጦ መጣ፤ አባቴን ግን አልተቆጣውም። «በአቼቶ ንከሩት፤ ከዚያ በትዕግሥት ንቀሉት» ብሎ አቼቶውን ከራሱ ቤት አመጣልን።

ፀሐይዋ ወደ ባህሩ ስታዘቀዝቅ እናቴ በረንዳው ላይ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ የአባቴን እግር ጭኗ ላይ አደረገች፤ ወረንጦ ያዘች። ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ እጇ አይንቀጠቀጥም። እኔ በሩ ጋ መሬት ላይ ተቀምጬ እሾሁ የሚጣልበትን ሲኒ እጠብቃለሁ።

«ያማል?»

«አያምም።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱ ያማል።»

እንዲህ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። እግሩን ስትይዘውም አይቼ አላውቅም። በያንዳንዱ እሾህ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ቀስ አድርጋ ትስባለች፤ ሲወጣ ሁለቱም አብረው ይተነፍሳሉ።

«መጨረሻውን የማላውቀው ነገር ውስጥ መግባት እንደምችል ላሳይሽ ብዬ ነው» አለ አባቴ።

«አየሁ» አለች። አንድ ነቀለች። «አየሁ፣ ሲራክ። እኔ ግን ባህር ግባ አላልኩህም።»

 ሲኒው ውስጥ አንድ ሌላ እሾህ ወደቀ።

«ደክሞኛል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አንተም ደክሞሃል።»

«አዎ።»

«እንለያይ።»

አባቴ ባህሩን አየ። ድምፁ ሲመጣ ለተማሪ የሚናገርበት፣ ለስላሳው ድምፅ ነበር። «እሺ» አለ። «በሰላም ይሁን።»

«በሰላም» አለች እናቴ። «ሌላኛውን እግርህን አምጣ።»

ሰዎች ሲታረቁ ምን እንደሚመስሉ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይቼ አላውቅም ነበር። ማንም አልጮኸም። ማንም በር አልዘጋም። ጋሽ ልሳነወርቅ ቢያዩ ደስ ይላቸዋል ብዬ አሰብኩ። «እንለያይ» የሚለውም ግልጽ ነበር፤ ነጩን ከባለቀለሙ ለዪ ስትለኝ የኖረችው ያው ቃል ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ልንመለስ ስለሆነ ልብስ ሊለዩ ነው። ደክሟቸዋል ደግሞ፤ አሁን ተባብለዋል። ላግዛቸው ብዬ ተነስቼ ገባሁ።

ሻንጣውን አልጋው ላይ ገለበጥኩት። የአባቴን ልብስ በአንድ ወገን፣ የእናቴን በሌላ ወገን አደረግሁ፤ ካልሲ ሳይቀር። ከዚያ የኔ ልብስ መሃል ላይ ቀረ። ሁለቱ ክምር እኩል ነበሩ፤ ወደየትኛውም ብጨምረው ያኛው ያንስበታል። ቀና ስል አባቴ በተረከዙ እየተራመደ፣ እናቴ ደግፋው፣ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ለይቼዋለሁ» አልኳቸው። በአማርኛ ነው ያልኩት፤ እንዲደሰቱብኝ። «የኔስ የት ይሂድ?»

 እናቴ የአባቴን ክንድ ለቀቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ከኔ ልብስ ላይ አንዲቱን ካናቴራ አንስቶ አጠፋት፤ ፈታት፤ መልሶ አጠፋት።

«እዚያው መሃል ተይው» አለኝ። «መሃሉ ጥሩ ነው።»

ድካም ነው ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ የመጨረሻው ቀናችን ነበር። አባቴ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ጥላው ሥር ተቀመጠ። ኤፍራይን ቦርዱን ሊወስድ ሲመጣ እናቴ ተነሳች።

«ተከፍሎበት የለ? ስጠኝ፣ እኔ ልሞክር።»

እናቴ ሐይቅ ዳር ነው ያደገችው፤ ዋና ለመማር የኤሊ ስቲከር አላስፈለጋትም።  ኤፍራይን በግራ በኩል ይዟት ገባ፤ ገፋላት፤ እሷም እንደ ቀላል ነገር ተነስታ ቆመች። ፀጉሯ ተፈቷል። እጇን የት እንደምታደርግ ግድ አልሰጣትም። ከማዕበሉ ጋር ረጅም መንገድ ሄደች፤ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ቀኝ፣ ውሃው ወደሚጠቁርበት።

«ዝለይ!» አለ አባቴ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። «መዓዛ፣ አሁን ዝለይ።»

አልዘለለችም። ማዕበሉ ከሥሯ ተነሳና ጣላት። ቦርዱ ወጣ። እሷ አልወጣችም።

አባቴ ከወንበሩ ሲነሳ አላየሁትም፤ ሲሮጥ ነው ያየሁት። በፋሻው፣ በቁስሉ፣ በአጭሩ መንገድ፣ በሪፉ ላይ። ወድቆ ተነሳ። ፋሻው ተፈትቶ ከኋላው ይጎተታል። ውሃው ወገቡ ድረስ ሲደርስ ቆሞ ስሟን ጠራ፤ እንደዚያ ሲጮህ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁትም።

እናቴ ብቅ ያለችው ከሱ ኋላ ነው። ኤፍራይን ክንዷን ይዟታል። ትስላለች፤ ጉልበቷ ደምቷል፤ ትስቃለች። እንዲህ ስትስቅ ቤት ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። «ሲራክ» አለችው፣ «ሲራክ፣ እዚህ ነኝ።» አባቴ ዞረ። ተያዩ። ማዕበል እየመጣ ሁለቱንም ይገፋቸዋል፤ እነሱ ቆመዋል።

ብቻዬን አጨበጨብኩ። የሳምንቱ ምርጥ አወዳደቅ የእናቴ ነበር፤ ቤተሰባችንም ከእንግዲህ ሰርፈኛ ቤተሰብ እንደሚሆን ወሰንኩ።

ከተመለስን በኋላ፣ በረዶ በጣለበት ሳምንት፣ አባቴ ልብሱን በካርቶን አድርጎ ከኛ ብዙ ወደማትርቀው ከተማ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ገባ። እናቴ «አባባ አፓርትመንት አገኘ» አለችኝ። ካርታ ላይ አየሁት፤ አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር ነው፤ ወንዙ ደግሞ ባህር ይገባል። ገባኝ። ለአስተማሪዬ አባቴ ለልምምድ ውሃ አጠገብ ቤት እንደያዘ ነገርኳት፤ ዓይኗን ጨፍና ገለጠችና «ጥሩ ነው፣ ማር» አለችኝ። በየቅዳሜው እናቴ ታደርሰኛለች፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ትወስደኛለች። ከአባቴ ጋር ፖቶማክ ወንዝ ዳር ቆመን ሳንድዊች እንበላለን። ውሃው ጠፍጣፋ ነው፤ ልምምዱ ገና አልተጀመረም እላለሁ።

አስራ አንድ ዓመቴ ላይ አባቴ ቤት ቴሌቪዥን ላይ የሰርፊንግ ውድድር አየሁ። ዳኞቹ ነጥብ የሚሰጡት ለቆሙት ነበር። «እነዚህ ሰዎች ለምን አይወድቁም?» አልኩት። አባቴ ረጅም ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ እስኪያለቅስ ሳቀ፤ ከዚያ እያስረዳኝ ሳለ ሳቁ ቀረ። በዚያው ዓመት፣ ክፍሌ ውስጥ ያለች ልጅ ወላጆቿ «ተለያዩ» ብላ ስትነግረኝ፣ በረንዳው ላይ የተባለው ምን እንደነበር ገባኝ። የሁለቱም ዜና ባንድ ክረምት መጣ። የመጀመሪያውን ለመልመድ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ያንን ሩጫውን ግን ብዙ ዓመት ይዤው ኖርኩ። ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላም አልዋጥልሽ አለኝ። እንደዚያ በእሾህ ላይ የሮጠ ሰውና እንደዚያ ስሙን ጠርታ የሳቀች ሴት በምን ሂሳብ ተለያዩ?

ባለፈው መጋቢት አባቴ ስልሳ ሞላው። ምሳው አሌክሳንድሪያ ነበር፤ እናቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ይዛኝ ወጣች፤ ኬኩ ጭኔ ላይ ነው። ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ፣ እንደ ልማዱ ተጨናንቋል። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኋት።

 ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ተንቀሳቀሰ፤ እሷም ትንሽ ሄደች፤ ቆመች።

«ስወድቅማ መጣልኝ» አለች። «አልክድም። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ሆዴ ይባባል። እኔ የቸገረኝ ቆሜ ሳለሁ ነው፣ ሃይሚ። ቆሜ ሳለሁ አላየኝም፤ የሚታየው መውደቄ ነበር።»

«እሱስ ያውቃል?»

«ያን ቀን ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲያየኝ ገብቶታል። ነገር ግን እኔ ያን ጊዜ በልቤ ወጥቻለሁ።»

መስታወቷን አየች፤ ምልክት አሳየች፤ ወደ ድልድዩ የሚወስደውን መስመር ያዘች። ፀሐይ ፊቷ ላይ ነበረች።

«ኬኩን ቀና አድርገሽ ያዢው» አለችኝ፤ «ባንድ ወገን እየተንሸራተተ ነው።»